ካርቡሬተር መለኪያ ነው፦ ስለ ሞተር ሳይክል ካርቡሬተር አጸዳድ በደብረ ብርሃን የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የጥገና ባለሙያዎች፣ በየቀበሌው ሞተር እያሽከረከራችሁ የምታገለግሉ የግብርናና የጤና ሠራተኞች፣ ሙያውን በመማር ላይ ያላችሁ ወጣቶች፤ እንድናገርበት የተጠየቅሁት ጉዳይ የሞተር ሳይክል ካርቡሬተር በአግባቡ እንዴት እንደሚጸዳ ነው። ከመሐል ሜዳ ወደ ገጠር ክትባት ይዞ የወጣ ሠራተኛ ሞተሩ ዳገት ላይ ሲጠፋበት የሚደርስበትን መጉላላት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ በዚህ አካባቢ ወደ ጋራዥ ከሚገቡት ሞተሮች ብዙዎቹ የታመሙት ካርቡሬተራቸው ስለቆሸሸ ብቻ ሳይሆን ቀደም ሲል ተጸዳ ተብሎ ስለተበላሸ ጭምር ነው።

ማጽዳት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየውን ጭቃና ቅባት አጥቦ ማብረቅረቅ ይመስለዋል። ካርቡሬተር ግን ቤንዚንና አየር ደባልቆ ለሞተሩ የሚመግብ ዕቃ ነውና ከሁሉ በፊት መለኪያ ነው። ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል፤ ካርቡሬተሩም ይህን ልክ ሚኒሞ (ቤንዚን ሳይሰጡት ቆሞ በዝግታ ሲሠራ) ላይም፣ ዳገት ላይም፣ ሜዳ ላይም እንዲጠብቅ የተሠራ ዕቃ ነው። መለኪያ ጸዳ የሚባለው ወደ ቀድሞ ልኩ ሲመለስ ነው። ስለዚህ ከውጭ እንደ አዲስ የሚያበራ፣ ከውስጥ ግን ቀዳዳው የሰፋ ካርቡሬተር ከቆሸሸው የባሰ ነው፤ የቆሸሸውን ማጠብ ይቻላል፣ የሰፋውን ቀዳዳ ግን ማጥበብ አይቻልም።

አሠራሩን ባጭሩ ላስታውስ። አየር በጠባብ ጉሮሮ ውስጥ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱም ይወርዳል፤ ይህን የፈሳሽና የግፊት ዝምድና ዳንኤል በርኑሊ በ1738 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው አስረድቶታል። ግፊቱ ሲወርድ ከታች ቋት በሚባለው የካርቡሬተሩ ትንሽ ገንዳ ያለው ቤንዚን ጄት በሚባሉ ጠባብ ቀዳዳ ባላቸው የነሐስ ብሎኖች በኩል ወደ ላይ ይሳብና ከአየሩ ጋር ይደባለቃል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ዊልሄልም ማይባህ በ1893 እ.ኤ.አ. ያወጣው በጄት የሚረጭ ካርቡሬተር መሠረቱ ይኸው ነበር፤ ዛሬ በየመንገዳችን የምናየው ትንሽ ሞተር ላይ የተገጠመውም ከዚያ ሐሳብ ብዙ አልራቀም። በእጅ የሚጠመዘዘው ቤንዚን መስጫ ገና ሳይሳብ ወይም በጥቂቱ ሲሳብ የሚመግበው ትንሹ ጄት ነው፤ መካከል ላይ ሲደርስ መስጫው ሲሳብ ወደ ላይ ከሚነሣው ተንሸራታች ቫልቭ የሚወርደው መርፌ ተረኛ ይሆናል፤ እስከ መጨረሻ ሲሳብ ደግሞ ልኩን የሚወስነው ትልቁ ጄት ነው። ይህን ቅደም ተከተል የያዘ ሰው ሞተሩ የሚያሳየውን ምልክት ሰምቶ የታመመው ክፍል የትኛው እንደሆነ ካቻቢቴ ሳያነሣ መገመት ይችላል።

በቾክ (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ለማስነሣት ቤንዚኑን በሚያበዛው) ብቻ የሚነሣ፣ ቾኩ ሲመለስ ወዲያው የሚጠፋና ሚኒሞ የማይዝ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ ጄት ወይም የእሱ መተላለፊያ ተደፍኖበታል። ሚኒሞው ደህና ሆኖ ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ሲሰጡት የሚያንቀው ከሆነ ወይ ትልቁ ጄት ተዘግቷል፣ ወይ ከሳልባትዮው (ከቤንዚን ታንኩ) በቂ ቤንዚን አይወርድም። በትርፍ ቱቦው ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ከሆነ ደግሞ በቋቱ ውስጥ የቤንዚኑን ከፍታ የሚቆጣጠረው ተንሳፋፊ ወይም የሱ መዝጊያ መርፌ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ምርመራ ሳያደርጉ ሞተር በጠፋ ቁጥር ካርቡሬተር መፍታት ልማድ ሆኗል፤ ይህ ልማድ መቅረት ያለበት ይመስለኛል። ካንዴላው (ብልጭታ ሰጪው) ጠቁሮ ወይም ክፍተቱ ሰፍቶ፣ የአየር ማጣሪያው በአቧራ ታፍኖ፣ የሳልባትዮው ክዳን መተንፈሻ ተደፍኖ፣ ወይም በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል ያለው የጎማ አንገት ተሰንጥቆ ትርፍ አየር እያስገባ ሳለ ጥፋቱ ሁሉ በካርቡሬተሩ ላይ ይላከካል። እነዚህን ለማየት የሚወስደው ጊዜ አጭር ነው፤ ከቋቱ በታች ያለችውን ማፍሰሻ ብሎን ላላ አድርጎ ቤንዚኑን በመስታወት ብርጭቆ መቀበልም እንዲሁ። ሳይቋረጥ ከወረደ መንገዱ ክፍት ነው። ብርጭቆው ግርጌ እንደ ዶቃ ተድቦልቡሎ የሚንከባለል ነገር ከታየ ደግሞ ውሃ ነው፤ ያን ጊዜ ችግሩ ከካርቡሬተሩ በፊት ሳልባትዮው ውስጥ ነው ያለው።

መፍታት ግድ ሲሆን መጀመሪያ የሚታጠበው ውጩ ነው። የጣርማ በርና የመንዝ አቧራ ተጣብቆበት ሳለ የተከፈተ ካርቡሬተር አቧራውን ወደ ውስጥ ይቀበላል። ቤንዚን መዝጊያው ተዘግቶ ቋቱ ይራገፍ፤ የሚሠራበት ቦታ ንፋስ የሚያገኝ፣ ከሰል ምድጃም ሆነ ሲጋራ የሌለበት ይሁን። ቡና እየተፈላ አጠገቡ ካርቡሬተር የሚታጠብበት ጋራዥ አይቻለሁ፤ የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ ራቅ ካለ እሳት ጋር ሊገናኝ ይችላል፣ ከተገናኘም የሚቃጠለው ሞተሩ ብቻ አይሆንም።

ካቻቢቴውን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። የጃፓን ሥሪት የሆኑ የካርቡሬተር ብሎኖች ራስ ከተለመደው ባለ መስቀል ካቻቢቴ በጥቂቱ ይለያል፤ ልኩ ያልሆነ ጫፍ ሲገባበት ይንሸራተትና ራሱን ይበላዋል። ጄቱም ለስላሳ ነሐስ ስለሆነ ከስንጥቁ በጠበበ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ከተፈታ ከንፈሩ ይላጣል። ስለዚህ የስንጥቁን ወርድ የሚሞላ ጫፍ መምረጥ፣ ወደ ታች ጫን ብሎ መያዝ፣ እንቢ ካለም ማሟሟቻ ረጭቶ መጠበቅ እንጂ በጉልበት መታገል አያስፈልግም። የተንሳፋፊው ዘንግ የሚያርፍባቸው ሁለት ቀጫጭን ምሰሶዎች ከካርቡሬተሩ አካል ጋር አብረው የፈሰሱ ናቸውና መዶሻ ቢነካቸው ይሰበራሉ፤ አንዱ ከተሰበረ ካርቡሬተሩ እንዳለ ተጣለ ማለት ነው። ዘንጉን በቀጭን ነገር ቀስ አድርጎ ገፍቶ በፒንሳ ማውጣት ይበቃል።

ከመፍታት በፊትና በመፍታት ጊዜ መመዝገብ ደግሞ ከማጠቡ ያልተናነሰ ሥራ ነው። በዚህ ዘመን ሁሉም ሰው ስልክ ስለያዘ በየደረጃው ፎቶ ማንሣት ይችላል። መርፌው ላይ ብዙውን ጊዜ አምስት ጎድጓዳ መስመሮች አሉ፤ መርፌውን የምትይዘው ቅንጥብ የትኛው ላይ እንዳለች ይጻፍ። የድብልቅ ማስተካከያውን ብሎን ከማውጣት በፊት ቀስ ብሎ እስኪያርፍ ድረስ ወደ ውስጥ ማዞርና ስንት ዙር እንደሄደ መቁጠር ያስፈልጋል፤ አንድ ተኩል፣ ሁለት ወይም ሁለት ከሩብ ሊሆን ይችላል። ያ ቁጥር መመለሻ ነው። ብሎኑ እስኪያርፍ ብቻ ይዙር፤ ከዚያ በኋላ የተጠመዘዘ እንደሆነ ሹል ጫፉ ወይ ይጎብጣል፣ ወይ ተሰብሮ ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል። ሲወጣ ሞላውን፣ ትንሿን ቀለበትና የጎማ ማኅተሟን ተከትላችሁ አውጡ። ጎማዋ እጅግ ትንሽ ስለሆነች ብዙ ጊዜ ጉድጓዱ ውስጥ ተጣብቃ ትቀራለች፣ ማሟሟቻ ሲረጭባትም ታብጣለች ወይም በአየር ግፊት ተፈናጥራ ትጠፋለች፤ እሷ ሳትኖር የተገጠመ ካርቡሬተር ደግሞ ምንም ያህል ቢስተካከል ሚኒሞ አይዝም።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የብዙ ትንንሽ ሞተሮች የትንሹ ጄት ቀዳዳ ዲያሜትሩ 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ቆሞ የከረመ ቤንዚን ቀላሉ ክፍል ሲተን ይወፍራል፣ ቀለሙ ወደ ቡናማ ወይም ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፣ ሽታውም እንደ ቀለም ቤት ይከረፋል፤ በመጨረሻም ቀዳዳው ውስጥ እንደ ቫርኒሽ ይደርቃል። ይህን ለመክፈት በየጋራዡ የሚደረገው ከፍሬን ገመድ አንድ ዘለላ ሽቦ ነቅሎ ማስገባትና ወዲያ ወዲህ መፈተግ ነው። የፍሬን ገመድ ብረት ሲሆን ጄቱ ነሐስ ነው፤ ብረት ነሐስን ይሞርዳል። ባለ 0.40 ቀዳዳ ወደ 0.44 ቢሰፋ በዓይን የሚለይ ሰው የለም። የቀዳዳው ስፋት ግን በዲያሜትሩ ካሬ ስለሚያድግ የሚያሳልፈው በር 21 በመቶ ጨምሯል። ባለቤቱ ሞተሩ ስለተነሣለት አመስግኖ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ቤንዚን የሚበላበት፣ ካንዴላ የሚያጠቁርበት፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ጥቀርሻ የሚተፋበት ምክንያት ግን ይጠፋዋል። ለመሥሪያ ቤት ሥራ የተሰጡ ሞተሮች ላይ እንዲህ የተሞረዱ ጄቶችን ደጋግሜ አግኝቻለሁ፤ በየዓመቱ የሚባክነው ቤንዚን የአዲስ ጄት ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጎማና ፕላስቲክ የሆነው ሁሉ ከወጣ በኋላ ጄቶቹ ለካርቡሬተር በተሠራ ማሟሟቻ ውስጥ ተዘፍዝፈው ይቆዩ፤ ቫርኒሹ የጠና ከሆነ ማደር አለባቸው። ነጭ ጋዝ ቅባትና ጭቃ ያለቅቃል፣ የደረቀ የቤንዚን ቫርኒሽን ግን እምብዛም አይፈታም፤ በነጭ ጋዝ ታጥቦ እንቢ ያለ ጄት በሽቦ የሚጠቃውም በዚህ የተነሣ ነው። ኮስቲክ ሶዳ፣ በረኪና፣ የባትሪ አሲድ ፈጽሞ እንዳይነኩት፤ የካርቡሬተሩ አካል የአሉሚኒየም ወይም የዚንክ ቅይጥ ስለሆነ ይበሉታል። ከተዘፈዘፈ በኋላም የቀረ ነገር ካለ ከተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዲት ቀጭን የመዳብ ዘለላ ወስዶ ሳያሽከረክሩ ቀጥ አድርጎ አንድ ጊዜ ማሳለፍ ይቻላል፤ መዳብ ነሐስን ለመሞረድ ጥንካሬ የለውም። ዘለላዋ ከቀዳዳው የቀጠነች መሆን አለባት። ከዚያ ጄቱን ወደ ሰማይ ብርሃን አንሡና በአንድ ዓይን ተመልከቱ። የሚታየው ብርሃን ጠርዙ ጥርት ያለ ሙሉ ክብ መሆን አለበት። ክቡ ጨረቃ የተገመሰች መስሎ ከታየ ቫርኒሹ በአንድ ጎን ገና አለ፤ ጠርዙ ላይ የጭረት መስመር ከታየ ደግሞ አንድ ሰው ሽቦ አስገብቶበታልና ጄቱ ይለወጥ። ትልቁ ጄት የሚገባበት ቱቦ ጎን ላይ የተደረደሩት ቀዳዳዎችም በዚሁ ዓይነት አንድ በአንድ ይታዩ፤ ብዙ ሰው የሚያየው የላይና የታቹን ብቻ ነው።

ጄቶቹ ቢጸዱም ሥራው ገና ግማሽ ነው፤ በካርቡሬተሩ አካል ውስጥ የሚሄዱት መተላለፊያዎች አይታዩምና። አየር ማጣሪያው የሚገጠምበት አፍ ጠርዝ ላይ ትንንሽ የአየር ቀዳዳዎች አሉ፤ ሞተሩ በሚገጠምበት በኩል ደግሞ ከተንሸራታቹ ቫልቭ ሥር የሚኒሞው መውጫና ከሱ አጠገብ የሽግግሩ ቀዳዳ ይገኛሉ። የእያንዳንዱን መንገድ መግቢያና መውጫ አውቆ በአንዱ ሲረጩ በሌላው መውጣቱን በዓይን ማረጋገጥ ነው ማጽዳት የሚባለው። በሁለት መውጫ የሚወጣ ከሆነ አንዱን በጣት ደፍኖ ሁለተኛውን ማየት፣ ከዚያ ማፈራረቅ ያስፈልጋል። ሳይወጣ የቀረ ካለ ያ መንገድ ዝግ ነው፤ ተመልሶ ይዘፍዘፍ። የሚረጨው ፈሳሽ ባልጠበቃችሁት ቀዳዳ ወጥቶ ዓይን ላይ ስለሚያርፍ መነጽር ማድረግን አትተዉ። ኮምፕሬሰር ያለው በኮምፕሬሰር፣ የሌለው በጎማ መንፊያ ይንፋበት፤ ላይኛው ክዳን ሥር ስስ የጎማ ሽፋን ያለው ካርቡሬተር ግን ጎማው ሳይወጣ አየር እንዳይነፋበት፣ ይቀደዳል።

የተንሳፋፊው መዝጊያ መርፌ ጫፍ በጥፍር ሲዳሰስ ለስላሳ መሆን አለበት፤ ዙሪያውን የተጎደጎደ ቀለበት ከተሰማችሁ መርፌው አልቋልና አጥቦ መመለሱ ዋጋ የለውም። ተንሳፋፊውን ጆሮ አጠገብ አድርጎ መነቅነቅም ጥሩ ነው፤ ውስጡ ቤንዚን የሚንቦጫረቅ ከሆነ ተበስቷል። ቋቱ ግርጌ ላይ ነጭ ዱቄት ካለ ውሃ ለረጅም ጊዜ ተኝቶበታል ማለት ነው።

ሲገጠም ጄቶቹ በጣት ገብተው በካቻቢቴ ጥቂት ጠበቅ ይበሉ እንጂ አይቆለፉ። የተንሸራታቹ ቫልቭ የተቆረጠው ጎን ወደ አየር ማጣሪያው ይዙር፤ ተገላቢጦሽ ከገባ ሞተሩ ተነሥቶ እንኳ ሚኒሞው አይታዘዝም። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ቤንዚኑ ተከፍቶ ትርፍ ቱቦው መድረቁ ይታይ። ከዚያ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ የድብልቅ ብሎኑን ከተመዘገበው ዙር ጀምሮ በሩብ ሩብ እያዞሩ ድምፁ ከፍና የተስተካከለ የሚሆንበትን ቦታ መፈለግ፣ በመጨረሻም ሚኒሞውን መመለስ ነው፤ ብዙ ትንንሽ ሞተሮች በደቂቃ 1,400 ዙር አካባቢ ይፈልጋሉ። ብሎኑ ያለው በአየር ማጣሪያው በኩል ከሆነ አየር የሚመጥን ነውና ሲላላ ድብልቁን ያቀጥነዋል፣ ማለትም አየሩ ይበዛል፤ በሞተሩ በኩል ከሆነ ግን ቤንዚን የሚመጥን ነውና ሲላላ ያወፍረዋል፣ ማለትም ቤንዚኑ ይበዛል። ይህን ሳይለዩ ማዞር በጭፍን መሄድ ነው።

አሁን የዚህ አገር የራሱ የሆነ ነገር ላንሣ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ናት፤ በመካከላቸው ያለው ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የአየሩ ጥግግት በባሕር ጠለል ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ካርቡሬተሩ ግን ይህን አያውቅም፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም፣ ስለዚህ ድብልቁ ይወፍራል። ከቆላ የወጣ ሞተር ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ጣርማ በር ሲቃረብ ጉልበት ሲያጣና ጥቁር ሲያጨስ ካርቡሬተሩ ቆሽሾ ላይሆን ይችላል፤ ያለ በሽታው ተፈትቶ ታጥቦ ይገጠማል፣ ሲመለስ ቆላ ላይ ይሻለዋል፣ አጣቢውም ይመሰገናል። ይህ ስሕተት በጣም የተለመደ ነው። ሁልጊዜ ደጋ ላይ የሚሠራ ሞተር አንድ ቁጥር ያነሰ ትልቅ ጄት ቢገባለት ወይም የመርፌው ቅንጥብ አንድ መስመር ወደ ላይ ተነሥቶ መርፌው ዝቅ ቢል ቤንዚንም ይቆጥባል፣ ካንዴላውም ይጸዳል። ነገር ግን በዚያው ልክ ተቀንሶለት በየሳምንቱ ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ የሚወርድ ሞተር ቆላው ላይ ድብልቁ ይቀጥንበታል፤ በሙቀትና በጭነት ላይ ቀጭን ድብልቅ ሲጨመር ፒስተን ሊያስበላ ይችላል። መንገዱ ከላይ ታች ለሆነ ሰው የፋብሪካውን ልክ መተውና ደጋው ላይ የሚጎድለውን ጉልበት መቀበል የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌላው የአካባቢያችን ጉዳይ ቤንዚኑ ራሱ ነው። ማደያ በራቀበት ወረዳ ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስና በጀሪካን እየተሸጠ ፀሐይና አቧራ ሲፈራረቁበት ይውላል፤ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበትም ያጋጥማል። ጀሪካኑን አቁሞ ማሳደርና እንደ ጠላ ጋን አተላው ሳይነካ ከላይ ያለውን በጥሩ ማጣሪያ መቅዳት ይገባል፤ ከሳልባትዮ ወደ ካርቡሬተር በሚወርደው ቱቦ ላይ የሚገጠመው ትንሽ ማጣሪያም ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ያለሱ የሚሄድ ሞተር መኖር የለበትም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሌሊትና ቀን ያለው የሙቀት ልዩነት ሰፊ ስለሆነ ግማሽ ባዶ ሳልባትዮ ውስጥ እርጥበት ጤዛ ሆኖ ይወርዳል፤ ማታ ሞልቶ ማሳደር ይህን ይቀንሳል።

መንገዱ በጭቃ ስለሚዘጋ ክረምቱን ሞተራችሁን አቁማችሁ የምታከርሙ ሰዎች ከመቆሙ በፊት ቤንዚን መዝጊያውን ዘግታችሁ ሞተሩ በቋቱ የቀረውን ጨርሶ እስኪጠፋ ይሥራ፤ ከዚያም ማፍሰሻዋን ብሎን ፍቱና የቀረችውን ጠብታ አውጡ። መስከረም ላይ ሲነሣ ደግሞ ሳልባትዮው ውስጥ የከረመውን አስቀድማችሁ አፍስሱና አዲስ ቤንዚን ጨምሩበት፤ ማጣሪያውም በዚያው ይለወጥ።